አባቴ ሲያርመው የኖረው ስም

አባቴ ኦርትቪን የሰው ቤት ጣሪያ በጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲያለብስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው፤ ስሙን አበላሽተው ከጠሩት ግን አያልፍም። የቤተሰባችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሐሉ ላይ አንዲት «ኢ» አለችበት። ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፤ ከፊቷ ያለችው «ኦ» ሳብ እንድትል የድሮ ጸሐፊዎች የጨመሯት ናት። በጀርመን፣ በቱሪንገን ተራሮች መካከል ባለው መንደራችን ሁሉም ሰው «ፎክት» ይለናል። ከእኛ አንዱ ከዚያ የወጣ እንደሆነ ግን «ኢ»ዋም እየተነበበች «ፎይግት» መባል ይጀምራል።

«ትርጉሙን ታውቃላችሁ?» ይለን ነበር እራት ላይ፣ እኔንና ታናሼን ፋልክን። «ምስለኔ ማለት ነው። ጌታው በሌለበት ስለ እሱ የሚቆም ሰው። ሥሩ ላቲን ነው፤ ለእርዳታ የተጠራ እንደ ማለት።»

«ታዲያ የእኛ ጌታ የት ሄዶ ቀረ?» ይላል ፋልክ።

«አንተ ድንችህን ብላ።»

ፋልክ አድጎ ሽቱትጋርት ከተማ ገባ፤ የአሳንሰር ጠጋኝ ሆነ። በቀን ሠላሳ ሰው ይደውልለታል፤ ሠላሳውም «ፎይግት» ይለዋል። ማረም ሲሰለቸው እሱም እንደነሱ ማለት ጀመረ። አንድ እሑድ አባቴ ደወለለት፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ፋልክ ስልኩን አነሳና እንደ ሥራ ቀን ስሙን ተናገረ፤ «ፎይግት።»

«ተሳስቻለሁ መሰለኝ። በዚህ ስም የማውቀው ሰው የለም» አለና አባቴ ዘጋው።

«አባዬ፣ መልሰህ ደውልለት እንጂ።»

«እሱ ይደውል። ስሙን ሲያስታውስ።»

ፋልክም የአባቱ ልጅ ነው፤ አልደወለም። አራት ዓመት አለፈ። በመካከሉ ሜርሌ የምትባል ልጅ አገባ፤ ድግስ አልነበረውም፣ እኔም የሰማሁት በደብዳቤ ነው። ባለፈው መጋቢት ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ቀብሩ ላይ ሥርዓቱን የመራው ሰው «ፋልክ ፎይግት» እያለ ሦስት ጊዜ ጠራው። ላርመው ብድግ ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው» አለ።

ከቀብር መልስ እንደ አገሩ ልማድ ኬክ ቀርቦ ተቀምጠን ሳለ ሜርሌ ወደ እኛ መጣች። አባቴ ከዚያ ቀን በፊት አይቷት አያውቅም።

«አቶ ፎክት» አለችው፤ «ኦ»ዋን ሳብ አድርጋ፣ ልክ እንደ መንደራችን ሰው።

አባቴ ቀና አለ። «እንዲህ ማለት ማን አስተማረሽ?»

«ፋልክ ነዋ። እርስዎ ዘንድ ስንመጣ እንዳልሳሳት ብሎ ወጥ ቤት ውስጥ ያስጠናኝ ነበር። ስሳሳት እየሳቀ ‹አባቴ ከደጅ ነው የሚመልስሽ› ይለኛል። ለፋሲካ ልንመጣ ነበር።»

«ለፋሲካ» አለ አባቴ። ሹካውን አስቀመጠ። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ። አባቴ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ለፋሲካ ሜርሌ ብቻዋን መጣች። አባቴ ባቡሩ ከመድረሱ ከአንድ ሰዓት በፊት ጣቢያው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ልጁ ጠየቃት፤ ምን መብላት ይወድ እንደነበር፣ ቤታቸውን ማን ቀለም እንደቀባው፣ ጉልበቱን ያመው እንደሆነ። ያመለጠውን አራት ዓመት አንድም ሳይቀር ሊያውቅ ፈለገ። በሦስተኛው ቀን የምትነግረው አለቀባት። አባቴ ግን ወንበሩን ወደሷ አስጠግቶ ይጠብቅ ነበር።