ለፈተና የተኛሁ ዕለት

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወለል መወልወል ግን የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም። የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበትን ቤት ሳጸዳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለፈተና በሽተኛ መስላ የምትተኛው ሴትዮ ስትቀር እኔን ያስተኙኛል። የላስቲክ አሻንጉሊትም አላቸው፤ እሱ ግን ማቃሰት አይችልም።

የዚያን ዕለት ተፈታኟ የልጄ ልጅ ነበረች። አንዴ ወድቃለች፤ ዳግም ከወደቀች የስድስት ወሩን ሥልጠና ከመጀመሪያው ትደግማለች።

አስተማሪው ድሮ የአምቡላንስ ሹፌር የነበረ ሰውዬ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "እማማ፣ ከደረጃ ወድቀው ጭንቅላትዎን ተመተዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። ካልጠየቀችዎት ግን ትንፍሽ እንዳይሉ" አለኝ።

"የልጄ ልጅ እኮ ናት።"

"አውቃለሁ። ሌላ ሰው ከየት ላምጣ?"

ገባች። ጓንቷን አጥልቃ አጠገቤ ተንበረከከች።

"እናቴ፣ ልረዳዎት ነው የመጣሁት። ምን ሆኑ?"

ያሳደግኳት ልጅ አንቱ ስትለኝ ሳቄ መጣ። በማቃሰት ሸፈንኩት። ከደረጃ ወደቅኩ አልኳት።

"ዕድሜዎትስ?"

"እሱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

"ሰባ ስድስት" ብላ ጻፈች፤ ባለጌ።

አንገቴን ደገፈች፣ ግፊቴን ለካች፣ ዓይኔን በባትሪ አየች፣ ግንባሬን በፋሻ ጠቀለለች። እጇ አይንቀጠቀጥም። ኮራሁባት። መሃል ላይ የአስተማሪው ስልክ ጮኸና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እኔ ስለ መድኃኒቱ እስክትጠይቀኝ ብጠብቅ፣ እሷ እቴ። በየጠዋቱ ክኒኔን የምትሰጠኝ እሷ ናት፤ የምውጠውን ከኔ በላይ ታውቃለች፣ ምን ብላ ትጠይቅ? ያከመችው አያቷን ነበር።

"ጨርሻለሁ" አለች። አስተማሪው ተመለሰና ወረቀቷን አገላበጠ።

"ሁሉም ደህና ነው። አንዷን ግን ውጪ ሆኜ አልሰማሁም። እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቃዎታለች?"

የልጅቱ ፊት ዐመድ መሰለ። ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። አዎ ብል ማን ያውቅብኛል?

"አልጠየቀችኝም" አልኩ።

በዚህችው ወደቀች። አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጥን ጀመረችኝ።

"አንድ ቃል ነበር እኮ እማዬ። አንድ ቃል።"

"ሴትዮዋ ሞታለች" አልኳት።

"የቷ ሴትዮ?"

"ከደረጃ የወደቀችዋ። ጭንቅላቷ ውስጥ ሲደማ አንቺ ላዩን ፋሻ ታሳምሪያለሽ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራቴን አስቀምጣ ዘወር ከማለት በቀር አንድም ነገር አላለችኝም። እኔም አልተለማመጥኩም፤ አልችልበትም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ክፍሉን ስወለውል በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"ተመዝግቤያለሁ። ሰኞ ይጀምራል።"

"ደግ አደረግሽ።"

"ፈተናው ሲደርስ አንቺ ነሽ የምትተኚልኝ፤ ለአስተማሪው ነግሬዋለሁ። ያቺ ሁልጊዜ የምትተኛው ሴትዮ ሆዷ አይችልም፣ ስታዝንልን በዓይኗ ትጠቅሰናለች።"

"ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ" አልኳት። "ወለሉ አልደረቀም።"