በቀን አንድ ሚሊሜትር

የማር ጠርሙሱ አፍ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። ሮዛሊያ ያየቻት ግን ጠርሙሱ በልጇ እጅ ላይ ከፈነዳ በኋላ ነው። «እጠቢልኝ» ብላ የሰጠቻት ራሷ ነበረች።

ልጇ ዬሪትሳ በኢድሪያ ከተማ ከእናት ወደ ልጅ ዳንቴል ሲሠራ በኖረበት ቤት አራተኛዋ ትውልድ ዳንቴል ሠሪ ናት። ስባሪው የእጅ አንጓዋ ላይ ያለውን ነርቭ በጠሰው። ሐኪሙ ሰፉት፤ አውራ ጣቷ፣ ጠቋሚዋና የመሐሉ ጣቷ ግን እንጨት ሆነው ቀሩ። ከስፌቱ በታች ያለው የነርቭ ክር ይሞታል፣ አዲሱ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እያደገ እስከ ጣት ጫፍ ይወርዳል፣ መንገዱን ካልሳተ፣ አሏቸው። ሮዛሊያ ከዚህ ሁሉ የያዘችው «ካልሳተ» የሚለውን ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ አዲሱ ክር የት እንደደረሰ ለማወቅ ዬሪትሳ መዳፏን መታ መታ ታደርጋለች፤ እንደ ኤሌክትሪክ የነዘራት ቦታ ላይ እናቷ በእስክሪብቶ ነጥብ ታኖራለች። ነጥቡ ሁለት እሑድ ባለበት ሲቆም ሮዛሊያ በቃ፣ አለቀ ብላ ዳንቴል የሚሠራበትን ትራስ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ዬሪትሳ መልሳ አወረደችው።

በፀደይ ነጥቡ ጣት ጫፍ ደረሰ። ሮዛሊያ የልጇን ዓይን አስጨፍና ጠቋሚዋን ነካች።

«የቱ ነው?»

«አውራ ጣቴ።»

እናት ወደ ስልኩ ሮጠች፤ ክሩ መንገዱን ስቷል። ሐኪሙ አረጋጓት። አንዳንዱ ክር አጠገቡ ያለው ጣት ውስጥ ገብቷል፣ አንጎል ግን ገና አላወቀም፤ አስተምሩት አሉ። ስለዚህ በየቀኑ አዝራር፣ ማንኪያና ክር የሚጠቀለልበትን የዳንቴል እንጨት ደረቅ ባቄላ ውስጥ እየቀበሩ፣ ዬሪትሳ ዓይኗን በሻሽ ታስራ በሦስቱ ጣቶቿ ትለቅማለች።

ጎረቤታቸው ቶንችካ በመስኮት ብቅ እያሉ ይተርቧታል። «ዛሬም ባቄላ ውስጥ ባል እየፈለግሽ ነው?»

«አግኝቼ ነበር፣ እትዬ ቶንችካ። የእርስዎ ቢመስለኝ መልሼ ቀበርኩት።»

በሰኔ አንድ ምሽት፣ ዬሪትሳ የጀመረችውን ጠባብ ጥልፍልፍ ትራሱ ላይ ትታ ተነሣች። ከአደጋው ወዲህ በር የምትቆልፈው ሮዛሊያ ነበረች። መነጽሯን ስትፈልግ ልጇ እጇን በእናቷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ሰደደች። አራት ቁልፍ አለ፤ ኮሪደሩ ጨለማ ነው።

«ይሄ የምድር ቤቱ። ይሄ የንብ ቀፎዎቹ ቤት...» አለች ዬሪትሳ ቀስ ብላ። «ይሄ የእኛ ነው፣ እማዬ።»

ተጠንቀቂ የሚለው ቃል ሮዛሊያ ምላስ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «የአያትሽ ጣት ነው ያለሽ» አለች በምትኩ፣ ጎረቤት ያሉት ቶንችካም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ቁልፉ ሁለቴ ዞረ። ሌላ ጊዜ እጀታውን ሦስቴ ሳትስብ የማትተኛው ሮዛሊያ፣ ዛሬ አልነካችውም።