እስከ መጨረሻው ይጥራ

ሴትዮዋ ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው ባንኮኒዬ ላይ ሲያስቀምጡት ከቻርጅ ቀዳዳው ጤፍ ፈሰሰ። ነጭ ጤፍ።

«ውሃ ነክቶት ነው» አሉ። «ሩዝ ውስጥ ቅበሪው፣ ይመጠዋል አሉኝ። እኔ ሐርቡ ላይ ሩዝ ከየት አመጣለሁ? ጤፍ አለ። ጤፍ ውስጥ ቀበርኩት።»

ሳቄ መጥቶ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ተመለሰ።

ስልክ የምጠግንባት ኪዮስኬ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ ናት። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ስንረከባት ብዙ ነበርን፤ አንዱ ጅዳ፣ ሌላው ሪያድ እያለ ተበተነና ታፔላውና እኔ ቀረን። አስራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ የተቀመጥኩ እስካሁን አልተነሳሁም። ሥራ ሲጠፋ የተሰነጠቁ መስታወቶች እያገላበጥኩ አያለሁ። ስንጥቁ ከአንድ ጥግ ይነሳና እንደ ወንዝ እየተከፋፈለ ይወርዳል። እኔ ዳር ዳሩን ከተማ እቆረቁርለታለሁ፣ ድልድይ እዘረጋበታለሁ። ሞላልኝ ምን ነካው የሚል ሰው ስለሌለ ለዚህ ጊዜ አላጣም።

የሴትዮዋ ስልክ ግን ስንጥቅ አልነበረበትም። የባሰ ነገር ነበር የያዘው። የጎኑን ቁልፍ ተጭኜ ስክሪኑን ሳበራ፣ ማንም ሳይነካው መስታወቱ መነካት ጀመረ። መክፈቻው ነጥቦች ላይ የማይታይ ጣት መስመር ይስላል፣ ይሳሳታል፣ ደግሞ ይስላል። ውሃው ከውስጥ አበላሽቶታል፤ በጠርዙ በኩል የገባው ጤፍ ደግሞ እየተጫነ ጣት ሆኖበታል።

«እትዬ፣ ትተውት ይሂዱ። ነገ…»

«ነገ የለም!» ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። ወዲያው አፈሩ መሰለኝ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «አፉ በለኝ ልጄ። ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ ትደውላለች።»

«ማን?»

«ፈትሂያ፣ ልጄ። ሪያድ ሰው ቤት ናት።»

«ታዲያ ከእኔ ስልክ ይደውሉላት።»

«ቁጥሯ እዚያው ውስጥ ነው። የምትደውልበትን፣ ያን ኢሞ የምትሉትንም በራሷ ሲም ከፍታልኝ ነው የሄደችው፤ ሲሙ ከእሷ ጋር ሄዷል፣ በሌላ ስልክ አይከፈትም። ብትደውልም አትናገርም። እመቤቲቱ አጠገቧ ናት፣ ድምጿን ከሰማች ስልኩን ትቀማታለች።»

ድምፅ የማታወጣ ልጅ ምን ልትል እንደምትደውል ጠየቅኳቸው። እትዬ ጣይባ፣ ስማቸው ይህ ነው፣ መጀመሪያ ወደ ኋላቸው አዩ፤ ከዚያ ነገሩኝ።

ፈትሂያ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታ ስትማር ከእናቷ ጋር መግባቢያ ነበራቸው። እሷ ትደውላለች። እናት ከቆረጡት «እሺ» ነው። ሳይነኩት እስከ መጨረሻው ከጠራ «አይሆንም» ነው። ቅዳሜ ልምጣ? ቆረጡት፣ ነይ። እኔም ከእናቴ ጋር እንዲሁ ነበርኩ፤ ካርድ የሌለው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር።

አሁን ፈትሂያ ከአሠሪዎቿ ቤት ልትጠፋ ነው። ዛሬ ማምሻውን አንድ ደላላ በር ላይ መኪና አቁሞ ይጠብቃታል። የተሻለ ቤት አስገባሻለሁ ብሏታል። ባለፈው ሳምንት እመቤቲቱ ወጣ ስትል በድምፅ አውርተው፣ እናት መርቀዋት ነበር። «አርብ ከአሱር በኋላ እደውላለሁ» አለቻቸው። «ከቆረጥሽው እወጣለሁ። ክፉ ነገር ከሰማሽ አትንኪው፣ እስከ መጨረሻው ይጥራ። እቀራለሁ።»

«ከነጭራሹ ባይጠራስ?» አልኩ።

«ኔትወርክ ነው ብላ ትወጣለች። ይህንንም ነግራኛለች።»

«ክፉ ነገር ሰምተዋል ማለት ነው።»

«ዛሬ ጠዋት። የጎረቤቴ የከይሪያ ልጅ በዚያው ደላላ እጅ ነው ከአሠሪዎቿ የወጣችው። ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ዛሬ የሰው ስልክ ሰርቃ ደወለች። ሸጧታል፣ ልጄ። ቆልፎባት…» የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

ነገሩ ያን ጊዜ ነው ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያመጣልኝ ሲነኩት እንዲሰማ ነው። እኚህ እናት የመጡት እንዳይነካ ነበር። የማይታየው ጣት ጥሪ የሚቆርጠውን ቀይ ምልክት አንዴ ከጎተተው፣ ልጅቱ ሪያድ ላይ «እናቴ እሺ አለች» ብላ በሩን ትከፍታለች።

የጠርዙን ጤፍ በመርፌ ለቀምኩ። ትንሽ ረገብ አለና ተመልሶ ባሰበት። ጨርሶ አጥፍቼ ላቆየው አልችልም፤ አንዴ ከጠፋ፣ ሲበራ ነጥቦቹን አገናኙ ይላል። ነጥቦቹ ሳይከፈቱ ደግሞ ኢሞው አይነሳም። በዚህ መስታወት ላይ ማንም ሊያገናኛቸው አይችልም። የቀረው መንገድ አዲስ ታች መግጠም ነው፤ የሚነካውን የላይኛውን መስታወት ታች ነው የምንለው። የእሳቸው ስልክ ታች እኔ ዘንድ የለም። ኮምቦልቻ እንደ እኔው ስልክ ለሚጠግነው ለጓደኛዬ ለተውፊቅ ደወልኩ።

«አለኝ። ና ውሰድ።»

«እዚያው እንገጥመዋለን። አንዲት ሴት ይዤ እመጣለሁ።»

«ሴት? አንተ? ዛሬ ኮምቦልቻ በረዶ ይጥላል!»

«እናት ናቸው፣ ተውፊቅ። ይቸኩላሉ።»

«ወላሂ አላወቅኩም። ቶሎ ና።»

ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን በሁለት መዳፌ በጠርዙ ይዤ፣ እንደ ሞላ ብርጭቆ ጭኔ ላይ አቆምኩት። ስክሪኑ እንደጠፋ እስከቆየ ድረስ ሰላም ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር አንድ የማስታወቂያ መልእክት ገባና አበራው። የማይታየው ጣት ነቃ። የእጅ ባትሪውን አበራ፣ አጠፋ፣ ፎቶ አነሳ። ብልጭታው የፊት ወንበር ላይ ያለውን ሰውዬ ማጅራት መታው።

«እትዬ፣ ይህ ስልክ ጂን አለበት» አለ ሰውዬው ዞር ብሎ። «ቁርአን ያስቀሩለት እንጂ።»

«መጀመሪያ አንተን ያስቀሩልህ» አሉት እትዬ ጣይባ። «ጂኑም ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፣ አንተ ነህ የምትለፈልፈው።»

ሚኒባሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸው መስታወቱ ላይ ነበር። መታጠፊያው ላይ የኔትወርኩ ምልክት ሲጠፋ ክንዴን ያዙኝ፤ ሲመለስ ለቀቁኝ። ሌላ መታጠፊያ፣ ደግሞ ያዙኝ። እኔ፣ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ወደ መስኮቱ የምሸሸው ሰውዬ፣ ክንዴን አላንቀሳቀስኩም።

«አብሽሩ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኮምቦልቻ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ጃኬቴን ለማውለቅ እጅ አልነበረኝም። የአሱር አዛን ወጥቶ ሶላቱ ተጀምሯል። እትዬ ጣይባ ወደ መስጊዱ ዞረው በሹክሹክታ የሆነ ነገር አሉ፤ እግራቸው ግን አልቆመም።

ተውፊቅ መፋቂያውን በጥርሱ እንደያዘ መስታወቱን ከላስቲክ አወጣ። ከስልኩ ጎን አስቀመጠው። አገላብጦ አየው። እኔም አየሁት። የካሜራው ቀዳዳ በሌላ በኩል ነው፤ ርዝመቱም አይገጥምም።

«ወንድሙ ነው፣ ሌላ ሞዴል» አለ ቀስ ብሎ።

«ወንድሙ ምን ያደርግልኛል?»

«ሞላልኝ፣ በስልክ ስትነግረኝ…»

«ተወው።»

እትዬ ጣይባ ከአንዳችን ወደ ሌላችን አዩ። «አልሆነም?» ተውፊቅ መስታወቱን ወደ ላስቲኩ መለሰው። «እንዲህ ከሆነ ስጡኝ። ሰባብሬ ልጣለው!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ነገሩ ትዝ አላቸው፤ ከሰበሩት አይጠራም፤ ካልጠራ ልጃቸው ትወጣለች። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

አንድ ነገር ነበር። ከደሴ ጀምሮ ከአእምሮዬ የማርቀው። ታቹን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ሪባን አለ። እሱ ከተነቀለ መስታወቱ ይደነዝዛል፤ የማይታየውም ጣት አብሮ ይሞታል። ግን ስልክ ሳይጠፋ ሪባን አይነቀልም። መጀመሪያ ባትሪ ይወጣል፤ ማንም ሠራተኛ የሚማረው ይህንን ነው። እየሠራ እያለ ወረንጦ ጎኑ ያለውን ብረት ከነካ ይጠፋል። ከጠፋ አለቀ።

«በቁሙ እነቅለዋለሁ» አልኩ።

«አብደሃል» አለ ተውፊቅ።

«ሌላ መላ ካለህ አምጣ።»

የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ብሎኖቹን አወጣሁ። የጀርባውን መሸፈኛ ሳነሳ የቀረው ጤፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘራ። ወረንጦውን አነሳሁ። ብረት ነው። አስቀመጥኩት። የተውፊቅን አፍ አየሁ።

«መፋቂያህን ስጠኝ።»

«ምን?»

«መፋቂያህን! እንጨት ነው፣ ብረት ቢነካም ግድ የለም።»

ከአፉ አውጥቶ ደረቅ በሆነው ጫፍ በኩል በምላጭ አሾለልኝ። እንጨቱን ወደ ሪባኑ ሳስጠጋ ከስልኩ ሥር ብርሃን ወጣ።

ጠራ።

በጠርዙ አነሳሁት፤ ስክሪኑ ላይ የአንዲት ልጅ ፊት ሞላ። ጥቁር ሻሽ፣ ወፍራም ቅንድብ፤ ፎቶ ለመነሳት ብቻ የታሰበች ፈገግታ። ከሥሯ አረንጓዴና ቀይ።

«ያረቢ» አሉ እትዬ ጣይባ።

«ጠርዙን ይያዙልኝ፣ ፊቱን ወደ እርስዎ ያድርጉት። መስታወቱን እንዳይነኩት!»

እንደ መስታወት ፊታቸው ላይ ያዙት። እኔ ከጀርባው ነኝ፤ የማየው ቦርድና ሪባን ብቻ ነው። የሚሆነውን የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

«አረንጓዴው ተንቀሳቀሰ» አሉ። «ተመለሰ።»

መፋቂያውን ከሪባኑ ሥር አስገባሁ። አልያዘም። ተንሸራተተ።

«ቀስ» አለ ተውፊቅ ጆሮዬ ሥር።

«ዝም በል።»

«ቀዩ… ቀዩ ተነሳ!» አሉ እትዬ ጣይባ። «ልጄ፣ ቀዩ እየሄደ ነው! ግማሽ ደረሰ… ተመለሰ። አልሀምዱሊላህ። ደግሞ ተነሳ…»

ላቤ ቦርዱ ላይ ሊንጠባጠብ ሲል ተውፊቅ በእጅጌው ግንባሬን ጠረገው። እንጨቱን እንደገና አስገባሁ። ያዘ። ወደ ላይ ገፋሁት። የሪባኑ ራስ አንድ ቀጭን ድምፅ አሰማና ከቦታው ተነሳ።

እትዬ ጣይባ «ቆመ» አሉ።

«ጠፋ?»

«ቀዩ ነው የቆመ። እሷማ አለች።»

ስልኩ ይጠራ ነበር። ድምፁን እየሰማሁት ጠፋ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ዞሬ ከጎናቸው ቆምኩ። አረንጓዴውም ቀዩም ሳይነቃነቁ ተቀምጠዋል። ልጅቱ እንደዚያው ፈገግ ብላለች። ባሕር ማዶ፣ አንድ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ስልኳን ከቀሚሷ ሥር ይዛ የምትቆጥረውን ደወል እኛ እዚህ እንሰማለን።

እትዬ ጣይባ አውራ ጣታቸውን አንስተው ነበር። ወደ መስታወቱ ሲቃረብ ደነገጡና ወደ ደረታቸው መለሱት።

«አሁን ይንኩት» አልኳቸው። «አይሰማም።»

«እውነትህን ነው?»

«አይሰማም፣ እትዬ።»

አውራ ጣታቸውን ጉንጯ ላይ አሳረፉ። ምንም አልሆነም። ከጉንጯ ወደ ቅንድቧ ወሰዱት፤ የሻሿን ጫፍ ወደ ውስጥ እንደመለሱላት ሁሉ ግንባሯ ላይ አስኬዱት። ጣታቸው ሸካራ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ልጃቸውን እየደባበሱ፣ አላነሱላትም። እስከ መጨረሻው ጠራ።

ቆመ።

ከስክሪኑ ላይ ፊቷ ጠፋ። ጎዳና ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ።

«ገብቷት ይሆን?» አሉ እትዬ ጣይባ። «ተኝታ ነው፣ አልሰማችም ብትልስ?»

ተውፊቅ የተበተነውን ጤፍ በጣቱ ጫፍ እየለቀመ መዳፉ ላይ ያጠራቅም ጀመር። ጤፉን ሁሉ ለቅሞ ከጨረሰ በኋላም መዳፉን እንደዘረጋ ቆየ።

ከዚያ ስክሪኑ በራ። ቁልፉ ሳይከፈት አናቱ ላይ የመጣ አጭር ጽሑፍ ነበር።

«አንብብልኝ» አሉ። «አልችልም፣ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። «እማ ገባኝ። ልብሴን ከቦርሳው አወጣሁት።»

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ወንበር አቀረብንላቸው፣ አልተነሱም። ተውፊቅ «በሉ እንግዲህ፣ አሁን አጥፍተን ውስጡን እንጠርግልዎት፤ ታቹንም ከደሴም ከአዲስ አበባም ብለን እናፈላልጋለን» አላቸው።

«አይጠፋም» አሉ።

ብርሃኑ ደብዘዝ አለና ጨለመ። እጃቸውን አስነክተው ሞከሩት፤ መስታወቱ ደንዝዟልና አልመለሰላቸውም። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«አብራውና ድገምልኝ።»

የጎኑን ቁልፍ ተጭኜ አበራሁት። ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩላቸው፤ ሲጨልም ደግሞ አበራሁት።