ሠላሳ ቀሪዎች

ኮምፒውተር ሰው ያሳብዳል ሲባል እስቅ ነበር። እኔን ያሳበደችኝ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት። አክሰስ በሚባለው የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም በሠራሁት ፎርም ላይ ከእያንዳንዱ ታካሚ ስም ጎን ያስቀመጥኳት፣ በማውስ ሲነኳት የራይት ምልክት የምታወጣ፣ ሲደግሟት የምታጠፋ። ሌላ ሥራ የላትም። በ2003 ዓ.ም. ዲላ ውስጥ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እህል አላስበላ ያለችኝ እሷ ናት።

ፎርሙን የሠራሁት ለቲቢ ክፍል ነው። ሠላሳ አራት ሰዎች በየቀኑ እየመጡ ኪኒናቸውን ነርሱ ፊት ይውጣሉ። ሁለት ቀን በተከታታይ የቀረ ሰው በሦስተኛው ቀን ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይፈለጋል፤ መድኃኒቱን ካቋረጠ በሽታው ብሶ ይመለስበታል። ነርሱ ጋሽ ታረቀኝ ናቸው። መጀመሪያ ጨለለቅቱ ከተማ ከተመደቡበት ጊዜ ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት ይህንኑ ሥራ ሠርተዋል። መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሰው ፍለጋ ሲዞሩ ያላያቸው የለም። ኃላፊያችን ኤልቤቴል ግን "ከወረቀት እንገላገል" አለችና መዝገቡን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚፈለግ የሚታወቀው ከእኔ ፎርም በሚወጣው ዝርዝር ብቻ ሆነ።

ጋሽ ታረቀኝን አሠለጠንኳቸው። ወደ ታች ከሚዘረጋው ዝርዝር ቀኑን ይመርጣሉ፣ ሳጥኗን ይነካሉ፣ "መዝግብ" የሚለውን ቁልፍ ይጫናሉ። ከሳጥኖቹ በላይ "ክትትል" ብዬ ጽፌአለሁ፤ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ "ገባዎት ወይ?" አልኳቸው፤ ሦስቴም "ገብቶኛል፣ ልጄ" አሉኝ።

በአራተኛው ቀን "የቀሩ" የሚለውን ቁልፍ ስጫን ፕሪንተሩ ሠላሳ ስም ተፋ። ከሠላሳ አራት ሰው ሠላሳ! ኤልቤቴል ወረቀቱን አየችና "ሲራክ፣ ታካሚ አልቆብናል እንዴ?" አለችኝ። የጠፉት ሰዎች ግን በረንዳው ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ።

ኮዴን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት። ሳጥኗ ከሰንጠረዡ ጋር በትክክል ተያይዛለች። ሳትነካ ባዶ ናት፤ እሱም ልክ ነው። ቁልፉን ሰርዤ እንደገና ሠራሁት። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ የሠራሁትን ይዞብኝ ሄደ፤ ሌላ ጊዜ የማልሰድበውን ሰደብኩ። በመጨረሻ በማግስቱ ጋሽ ታረቀኝ ጀርባ ቆሜ ሲሠሩ ተመለከትኩ። ሰው ይመጣል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ይሄዳል፤ እሳቸው ማውሱን አይነኩም። ሥራ ሲያልቅ ያልመጡትን የአራት ሰዎች ሳጥን ነክተው "መዝግብ" አሉ።

ለካ በእሳቸው መዝገብ ምልክት የሚደረግበት፣ እንደ እኔ ፎርም የመጣ ሳይሆን፣ የቀረ ሰው ነው! አሥራ ስምንት ዓመት እንደዚያ ሠርተዋል። ልነግራቸው አፌ ላይ ደረሰ። ግን በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሦስት ጊዜ "ገብቶኛል" ያሉኝን ሰው "አልገባዎትም" ማለት ከበደኝ። ሳልነግራቸው ቢሮዬ ገባሁና ኮዱን ገለበጥኩት። ራይት ያለበት እንደ ቀረ፣ ባዶው እንደ መጣ ይቆጠር አልኩ። በራሴም ኮራሁ።

በዘጠነኛው ቀን ቁልፉን ተጫንኩ። እንደገና ሠላሳ ስም።

"ጋሽ ታረቀኝ! ይቺን ሳጥን ማን ነው የሚነካት?" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ነኛ።"

"የቀረውን ነው አይደል የሚነኩት?"

"ኧረ የለም! የዚያን ዕለት ከኋላዬ ቆመህ ስትተነፍስ ጊዜ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ኤልቤቴልን ጠየቅኳት፤ የመጣውን ነው አለችኝ። ከዚያ ማግስት ጀምሮ የመጣውን ነው የምነካው።"

"እኔ ደግሞ ለእርስዎ ብዬ ገለበጥኩት!"

"ታዲያ ምነው አትነግረኝም?"

"እርስዎስ?"

ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ይሉኝታ ሁለታችንንም ይንቀለን! የቀረውን የነኩባቸውን የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዳሉ ትቼ፣ የመጣውን የነኩባቸውን የኋላዎቹን በእጄ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ሳጥኗን አውጥቼ ጣልኩና በቦታዋ "መጣ" እና "ቀረ" የሚሉ ሁለት ቁልፎች ተከልኩ። ዝርዝሩ አሁን አንድ ስም ብቻ አወጣ፦ ሀዲጃ፣ ዘጠኝ ቀን። ጋሽ ታረቀኝ ስሙን አነበቡና ጋውናቸውን እንደለበሱ ወጡ። ተከተልኳቸው።

ሀዲጃ መናኸሪያው አጠገብ ባለው የአጎቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው የምትሠራው። ከሱቁ በር ላይ ሆኖ የጤና ጣቢያው አጥር ይታያል። ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ተኝታ አገኘናት፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ሳሉ ተመልሶባታል።

"ኪኒኑ ሲያቅለሸልሸኝ አንድ ቀን ልረፍ ብዬ ነው" አለች።

"አንድ ቀን ዘጠኝ ቀን ይሆናል?" አልኳት፤ ንዴቴ አልበረደም ነበር።

እኔን አልፋ ጋሽ ታረቀኝን አየች። "ጋሼ፣ ያን ጊዜ የቀረሁ ጊዜ በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ ተቆጥተውኝ፣ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። አሁንም ይመጣሉ ብዬ በር በሩን ሳይ ነበር። ሲቀሩብኝ ጊዜ፣ አትድንም ብለው የተዉኝ መሰለኝ።"

ጋሽ ታረቀኝ ጎንበስ ብለው እጇን ያዙ። እኔ ስለ ሳጥኗ ላስረዳት አሰብኩና ተውኩት። ጫማዋን ከባንኮኒው ሥር ፈልጌ አቀረብኩላት።