ከፋሻው ሥር

ነርሷ ሰርካለም የሔቨንን ፋሻ ከክርኗ ጀምራ በመቀስ እየቀደደች ነው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዓይናቸውን ከመቀሱ ላይ አልነቀሉም። የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው ክንድ እንዲህ ከተጠቀለለ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

"ቀስ በይ ልጄ" አሉ። "ሥጋ ነው፣ ጨርቅ አይደለም።"

"አይዞዎት እማማ፣ እኔም ከእርስዎ ባላነሰ እፈራለሁ።"

ፈገግታዋ አላማራቸውም። የአገር ልጅ በመሆኗ ደስ ሊላቸው ሲገባ፣ እነሱ ሞንትቤሎ ሰፈራቸው ሳይገቡ ወሬው ቀድሞ ሐበሻ የሚሰበሰብበት ቻምበርስ ሮድ ሲደርስ ነው የታያቸው። እዚህ ሆስፒታል ማን ይታመናል? ልጅቷ የፈላ ኑድል ከማይክሮዌቭ አውጥታ ክንዷ ላይ የደፋች ቀን፣ ከሕፃናት ጥበቃ ነኝ ያለች ወረቀት የታቀፈች ሴትዮ መጥታ "ማን ነበር የሚጠብቃት?" ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃለች። ሲጠብቋት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሦስቱንም ጊዜ ጻፈችው።

የሐኪሙም ነገር አልተዋጠላቸውም። ከልጅቷ ጭን ላይ ቴምብር የምታህል ቆዳ አንስተው፣ ሴሎቹን ለያይተው፣ በውሃ በጥብጠው ቁስሉ ላይ እንደሚረጩት በልጃቸው በሀይለማርያም አፍ አስረድቷቸው ነበር። አንደኛው ዓይነት ሴል ቆዳ ይሠራል፣ ሌላው ቀለሟን ይመልሳል፣ ሌላው ደግሞ ከሥር ሆኖ ያያይዛል። ካልተነኩ ሥራቸውን ያውቁታል ብሏል ሐኪሙ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ጆሮ ውስጥ የቀረችው ግን ውሃ የምትለዋ ናት። ቴምብር ከምታህል ቆዳ ሙሉ ክንድ? ለሞኝ ይንገሩት።

ሰርካለም የመጨረሻውን ፋሻ አንስታ ቀጥ አለች። ከሔቨን ክርን በታች ስስ፣ ገና ሮዝ የሆነ ቆዳ ያንጸባርቃል። የእጅ አንጓዋ አጠገብ ግን ጣት የምታህል ቦታ ነጥታ፣ ረጥባለች።

"ውሃ ነክቶታል?"

"በፍጹም" አለ ሀይለማርያም። ከኤርፖርት የሌሊት ፈረቃው እንደወጣ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳይቀይር ነው የመጣው። "ሻወር ስትወስድ በፕላስቲክ ነው የምንጠቀልላት።"

"እዚህ ጋ ሴሎቹ አልያዙም። ውሃ ገብቶበት ከሆነ አድርቀን እንጠብቃለን። ካልሆነ ግን ኢንፌክሽን ነው ብለን ነው የምንነሳው። ትተኛለች፣ መድኃኒት በደም ሥሯ እንጀምራለን። ምናልባትም ከጭኗ እንደገና መውሰድ ይመጣል።" ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። "ሔቪዬ፣ ውሃ ነክቶሻል?"

ሔቨን መጀመሪያ አያቷን አየች። "ኖ። ኖባዲ ተችድ ኢት።"

"በአማርኛ" አለ አባቷ።

"ማንም አልነካውም። አይ ፕሮሚስ።"

ሲዋሹ ዓይን መስበር ወጉ ነበር፤ ይቺ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። ትናንት ጠዋት ወይዘሮ ፀሐይነሽ የፋሻውን ጠርዝ ገለጥ ያደረጉት፣ እውነት ከሥሩ የበቀለ ነገር መኖሩን ለማየት ብቻ ነበር። ከዚያ የእነሱ ውሃ ቆዳ ካበቀለ የማርያም ጠበል ምን ያንሰዋል አሉና ሦስት ጊዜ ጠብ አደረጉበት። "ለአባትሽ እንዳትነግሪ" ያሏትም እሳቸው ናቸው። ልጅቷም ቃሏን ጠበቀች።

ሰርካለም ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ መጻፍ ጀመረች።

ይነገር ቢባል ያቺ ሴትዮ ወረቀቷን ታቅፋ ትመለሳለች። ልጅቷን ከእኚህ አሮጊት ጋር ብቻዋን አትተዉ ትላለች። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የልጅ ልጃቸውን ጭን አዩ። የቴምብሯ ቦታ እንኳ ገና አልጠገገም።

ቦርሳቸውን ከፍተው ግማሿ የጎደለች ትንሽ ጠርሙስ አወጡና ኮምፒውተሩ አጠገብ አኖሯት።

"ቆይ ልጄ፣ አትጻፊ። ማንም አልነካውም ያለችሽ ለእኔ ብላ ነው። ትናንት ጠዋት፣ ከዚህች ላይ፣ ሦስት ጠብታ።"

"እማዬ" አለ ሀይለማርያም ቀስ ብሎ።

"ዝም በል አንተ።" ወንበራቸውን ወደ ሰርካለም አስጠጉ። "ያቺ ወረቀት የምትታቀፈውንም ጥሪልኝ። ዛሬ ሳትጠይቀኝ እነግራታለሁ።"