ቀይዋ መኪና ዶርዜ እንዴት ወጣች

ሠርጌን ያዘገየው ዘር ወይም ሀብት ቢሆን ኖሮ ለጓደኞቼ አፌን ሞልቼ አወራው ነበር። የእኔን ሠርግ ያዘገየው ግን የኋላ ጎማ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

እጮኛዬ ቴዎ የዶርዜ ልጅ ነው። ከጨንቻ ገበሬዎች አፕል እየገዛ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። በሥራው ቀልድ የማያውቅ፣ የረጋ ሰው ነው፤ ሞተር ሲሰማ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቆመን እያወራን ጥሩ ድምፅ ያለው መኪና ካለፈ፣ እኔን ንግግሬ መሐል ላይ ጥሎ በዓይኑ አብሮት ይሄዳል።

በ2003 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአዲስ አበባ ደወለልኝ።

«ፌቪ፣ ሁለት መኪና አግኝቻለሁ። ስፖርት መኪና! አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቀይ። ምረጪ።»

«ቀይዋን።»

«በቀለም ነው እንዴ የሚመረጠው?» አለ እንደተሰደበ ሰው። «ነጯ አራቱም ጎማዋ ይነዳል። ቀይዋን የሚገፏት የኋላ ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«እና ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ወንበር ይፈልግ። ነጯ ከቆመችበት እንደ ጥይት ትነሳለች፤ ዝናብም ጭቃም አይበግራትም፤ ግን ከበድ ትላለች፤ ነዳጅም ትጠጣለች። ቀይዋ ቀላል ናት። ኩርባ ላይ ነዳጅ ስትሰጣት ጭራዋን ወዘወዝ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ መኪናዋን የምትመራት በእጅህ ብቻ ሳይሆን በእግርህም ነው። «ነጯ ራሷን ትነዳለች» አለኝ በመጨረሻ፤ «ቀይዋን ግን የምነዳት እኔ ነኝ።» ልቡ የት እንዳለ ገባኝ። ቀይዋን ገዛ።

ወሬውን ለአባቴ በምሳ ሰዓት ነገርኩት። አባዬ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ጎጃም ተወልዶ ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲያሠራ የኖረ ሰው ነው። ዶርዜ የሚያወጣውን የጨንቻ መንገድ እያንዳንዱን ኩርባ በስም ያውቀዋል። ጡረታ ሲወጣ አርባ ምንጭ ቀረ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሴቻ ባለው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ነን። የጎረሰውን ሳይውጥ ቀና አለ።

«በኋላ ጎማ? ዶርዜ ለሚኖር ሰው? ያ መንገድ እኮ በክረምት ሳሙና ነው!»

እውነቱን ለመናገር አባዬ ልክ ነበር። ግን እኔ የቴዎ እጮኛ ነኝና አኮረፍኩ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ተናጋሪያቸው አቶ ወልደየሱስ ሆነው፣ እንደ ወጉ «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለው ሳሎናችን ውስጥ ተደረደሩ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሠራል ይላል ብዬ ስጠብቅ፣

«ልጁ የገዛው መኪና የሚነዳው በስንት ጎማ ነው?» አለ።

 በየሠርጉ ስንት ጥያቄ የመለሱት አቶ ወልደየሱስ እንዲህ ያለ ገጥሟቸው አያውቅም።

«መቼም አራት ጎማ እንዳለው በዓይናችን አይተናል» አሉ ቀስ ብለው።

«ያለውን አልጠየቅኩም። የሚነዳውን ነው።»

ተያዩ። «እንግዲያው ጠይቀን እንምጣ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ ጓዳ ውስጥ ማልቀስና መሳቅ ተምታታብኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ተዘጋጅተው መጡ። ቴዎ እስኪበቃቸው አስተምሯቸዋል።

«የኋላ ሁለቱ ናቸው» አሉ አቶ ወልደየሱስ ደረታቸውን ነፍተው። «ስለዚህ ቀላል ናት። ኩርባ ላይ ደግሞ ጭራዋ ወዘወዝ ሲል...»

«ጭራዋ ወዘወዝ ሲል ልጄ ውስጥ አለች!» ብሎ አባዬ ተነሳ። ቀጥሎም ፍርዱን ሰጠ፦ ቴዎ በዚያች መኪና ይዞት ይውጣ፤ የአባዬ እግር ጭቃ ሳይነካ ዶርዜ የቴዎ አባት በር ላይ ካደረሰው እኔን ይውሰድ። ካልሆነ ክረምቱ አልፎ፣ አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ተገዝቶ፣ እንደገና ይነጋገራሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ የጓዳውን በር በርግጄ ወጣሁ።

«አባዬ፣ እኔን ነው የምትድረው ወይስ መኪና ልትገዛ ነው?»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና መዳፉን አየ።

«በክረምት ያ መንገድ ሲቆረጥ፣ ብትታመሚ፣ ወይ እኔ ብታመም፣ ከዚያ ተራራ ላይ አንቺን ማን ያወርድልኛል?» አለ።

ንዴቴ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። ስለ ጎማ ሲጨቃጨቅ የከረመው ሰው ለካ ስለ እኔ ነው የሚያወራው። ያን ጥያቄ እኔም ፈርቼው ነበር።

የተቆረጠው ቀን ደረሰ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል። ቴዎ ፖርቶባጋሊዮውን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ በሙዝ ሞልቶ መጣ። «ለአባቴ ስጦታ ነው» ይላል፤ እውነቱ ግን የሚነዳው የኋላ ጎማ ስለሆነ ክብደት እንዲጫነው ነው። አባዬ ጫማውን አስጠርጎ፣ ጃንጥላውን ይዞ ፊት ወንበር ገባ። ገባ ከማለት ወረደ ማለት ይሻላል፤ መኪናዋ ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። እኔ ከኋላ ጉልበቴን አገጬ ሥር ሸጉጬ ተቀመጥኩ።

ወጣን። አባዬ ኩርባ በደረስን ቁጥር «ይቺን ቀስ በል» ይላል፣ ቴዎም «እሺ ጋሼ» ይልና ነዳጅ ይሰጣታል። ጭራዋ ወዘወዝ ይላል፤ ቴዎ መሪውን ለቀቅ መለስ ሲያደርግ ትስተካከላለች። ከታች አባያ ሐይቅ በደመናው መሐል አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ብቅ ይላል። አባዬ መያዣውን ጨምድዶ ይዟል። አንደኛው ኩርባ ላይ ግን በመስተዋቱ አየሁት፤ ፈገግ ብሏል። እንዳየሁት ሲያውቅ ፊቱን አኮሳተረ።

ዶርዜ ልንደርስ ስንል ያለችው የመጨረሻዋ ዳገት ላይ መኪናዋ ቆመች። ሞተሩ ይጮሃል፣ የኋላ ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፣ ጭቃው ወደ ኋላ ይረጫል፣ እኛ ግን ያለንበት ነን። ቴዎ ወደ ኋላ ሞከረ፣ ወደ ፊት ሞከረ፣ ድንጋይ አነጠፈ። ባሰባት። ሙዙም አላዳነው።

አባዬ እጁን አጣጠፈ። «አራቱም ቢነዳ ኖሮ...» አለ፤ አልጨረሰውም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወርደው በእግር...»

«እግሬን አላወርድም። ውሉ ውል ነው።»

ቴዎ ጭቃው መሐል ቆሞ አየኝ። ፀጉሩ ላይ ሳይቀር ጭቃ አለ። ከዚያ በፊት ሲሸነፍ አይቼው አላውቅም፤ ልቤ ተሰበረ።

ያን ቀን የቴዎ አባት አቶ ኦይታ ደቦ ጠርተው ነበር። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተጎነጎነ ነው፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ወይም ባለቤቱ ቦታ መቀየር ሲያምረው፣ ወንዶች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ከመሬት አንስተው በትከሻቸው ይወስዱታል። አቶ ኦይታ የሠርጉ እንግዳ የሚያርፍበት ሜዳ ለማስፋት ቤታቸውን ጥግ እያስያዙ ነበር። የሞተሩን ጩኸት ሲሰሙ፣ አጣናቸውን እንደያዙ ሰፈሩን አስከትለው ወረዱ።

«ደህና መጣህ፣ ወንድሜ» አሉ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው። «መኪና እንቢ አለ?»

«የኋላ ጎማ ነዋ» አለ አባዬ።

አቶ ኦይታ መኪናዋን ዞረው አዩ። ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ከቤቴ ታንሳለች» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጋሞኛ ነው፤ ግን መተርጎም አላስፈለገውም። መጀመሪያ ክብደት ይቀነስ ተባለና ሙዙ ወረደ፤ የወረደውም እዚያው ተበላ። ቀጥሎ እኔ ወረድኩ። አጣናዎቹ በመኪናዋ ሆድ ሥር ገቡ። አባዬ ምን ሊሆን እንደሆነ ሲገባው ቀበቶውን አሰረ።

አንዱ አዜመ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ቀይዋ ስፖርት መኪና ከአባዬ ጋር ብድግ አለች። በሰው ትከሻ ላይ ሆና ዳገቱን ጀመረች። ቴዎ እንደ መኪናዋ ጠባይ ከኋላ ይገፋል። አባዬ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ትንሽ እንደሄዱ ግን የድሮ ሥራው ተነሳበት፤ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ወደ ግራ! በቀኝ በኩል የውኃ መውረጃ አለ! ቀስ! ጎበዝ!»

ወንዶቹ አማርኛውን የተረዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ሁሉም ግን እሺ አሉት።

በሩ ላይ ሣር ተጎዝጉዞ ነበር። መኪናዋን እዚያ ላይ አስቀመጧት። አባዬ በሩን ከፈተና የተጠረገ ጫማውን ሣሩ ላይ አሳረፈ። ጠብታ ጭቃ የለበትም። ሁሉም እግሩን ነው የሚያየው። እሱ ግን አቶ ኦይታን ነበር የሚያየው።

«መንገዱ ሲቆረጥ፣ ልጄ ብትታመም...» ብሎ ጀመረ።

አቶ ኦይታ የደማውን ትከሻቸውን እያሹ ግራ ገባቸው።

«ልጅህ ከመኪና ትከብዳለች እንዴ?»

አባዬ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። «አቧራ ገባብኝ» አለ። ያን ቀን ጋሞ ተራራ ላይ ለመድኃኒት የሚሆን አቧራ አልነበረም።

ከሠርጉ በኋላ ቴዎ አፍሮ ኖሮ ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። ቀይዋን ሸጬ አራቱም የሚነዳ እገዛለሁ» አለ። አባዬ በዚያች መኪና ምክንያት እንዳሁኑ ተቆጥቶ አያውቅም።

«እንዳትነካት! አራቱም ጎማዋ ቢነዳ ኖሮ ማን ይሸከመኝ ነበር?»

ዛሬ መንገዱ ተጠርጓል፤ ቀይዋ ያቺን ዳገት ሳታስነጥስ ትወጣታለች። አባዬ ሊጠይቀን ሲመጣ ግን እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ቴዎን ያስቆመዋል።

«ተጣብቃለች መሰለኝ» ይላል፤ የመኪናዋን ጡሩምባ ይነፋና ቀበቶውን ያስራል።