ሰው የሌለበት ወረፋ

ሰንበታ ሰው ፎቶ ማንሣት አይችልም ቢባል ውሸት ነው፤ የማይችለው ሰውን ማዘዝ ነበር። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ደንበኛ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከተቀመጠ «ቀና ይበሉ» የምትለዋ ቃል ሰንበታ ጉሮሮ ላይ ትቀራለች። ደንበኛው እንዳዘነበለ ይነሣል፤ ፎቶውም እንዳዘነበለ ይታተማል። በማግሥቱ ሰውዬው ፎቶውን ይዞ ይመለስና «አንገቴን ማን ሰበረው?» እያለ ይጮኻል።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ልዑልሰገድ ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን ሲያልቅ እንደ ስልክ ባትሪ ድንገት ነው የሚያልቀው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰንበታንና የእኅታቸውን ልጅ ሶፊን ጠሩ።

«ካሜራው አንድ ነው፤ እናንተ ሁለት ናችሁ» አሉ። «ሶፊ ሰው ታናግራለች። አንተ ዝም ትላለህ። እስከ ቅዳሜ በመንገዱ በኩል ላለው መስታወታችን የሚሆን አንድ ፎቶ አምጣልኝ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ካየው ካሜራው ካንተ ጋር ይቆያል። ካልቆመ ለሶፊ ይሆናል፤ አንተ ጓዳ ገብተህ ታትማለህ።»

ሶፊ ሣቀች። «ጋሼ፣ ይኸ ልጅ እኮ ሰው አያነሣም! ስልኩን አይተውት ያውቃሉ? የተቀደደ ጎማ፣ የተገለበጠ በርጩማ፣ ግንብ ላይ የተረሳ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ቅዳሜ የሊስትሮ ሣጥን ሞሽሮ ያመጣልዎታል።»

«የሊስትሮ ሣጥን ሙሽራ ከተገኘለት ምን ክፋት አለው?» አለ ሰንበታ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ድምፁ ትንሽ ቢሆንም ፍርሃት አልነበረበትም። አፉን እንጂ ዓይኑን ተጠራጥሮ አያውቅም።

የአዳማ ፀሐይ ከረፋዱ ጀምራ ሰውን ከአስፋልት ላይ ጠርጋ ጥላ ሥር ታከማቻለች። መንገድ ላይ የሚቀረው ዕቃ ብቻ ነው፤ ሰንበታ ይህችን ሰዓት ይወዳታል። ማክሰኞና ረቡዕ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ተንከራተተ። አንድ የዛገ በር አነሣ፤ አንድ ባለቤቱ ሄዶ እጀታው የቀረ ጋሪ አነሣ። ደኅና ነበሩ። ግን ሰው የሚያቆሙ አልነበሩም።

ሐሙስ ዕለት የሰፈሩ የሸማቾች ሱቅ ዘይት መጥቶለት ነበር። ሰንበታ ከጥጉ ዞር ሲል ባለበት ቆመ። ከተዘጋው የብረት በር እስከ ቦዩ ድረስ ረዥም ሰልፍ ተይዟል፤ በሰልፉ ውስጥ ግን አንድም ሰው የለም። ሰዉ ሁሉ ከማዶ ኒም ዛፍ ሥር ተኮልኩሎ ያወራል። በፀሐዩ የቆሙት ዕቃዎቹ ናቸው። ከሁሉም ፊት አንገቱን ያስገባ ሽማግሌ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ አለ። ኋላው እጀታዋ በሽቦ የታሰረ ባልዲ፣ ከዚያ ወገቧን ይዛ የቆመች የምትመስል ዘንቢል፣ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ እግር ሸበጥ፣ ክዳን የሌለው ብረት ድስት፣ ሌላም ሌላም ተከታትሏል። ማንም አይነካቸውም። ወረፋ የያዘን ዕቃ ማንሣት ባለቤቱን ገፍትሮ ከመጣል እንደማይለይ በሰፈሩ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ሰንበታ እጁ እየተጣደፈ አንዴ አነሣ። ከዚያ በካሜራው መስኮት አተኩሮ ሲያይ፣ ከዘንቢሉና ከጀሪካኑ መካከል አንዲት ጥቁር ፌስታል መሬት ለመሬት ስትርገበገብ አየ። ነፋስ ያመጣት ናት ብሎ አሰበ። ሄዶ አነሣት፤ ጠቅልሎ ወደ ቦዩ ወረወራት። ተመልሶም ንጹሑን ሰልፍ ደጋግሞ አነሣው። «አሁን ሶፊ ትሥቅ!» አለ በልቡ።

ወዲያው የብረቱ በር ተንጓጓ። «ተከፈተ!» አለ አንድ ሰው። ከዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ተነሥቶ እየሮጠ ከየዕቃው አጠገብ ቆመ። በስተመጨረሻ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ኦቦ ጀቤሳ ደረሱ፤ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ከዘንቢሉ ኋላ መሬቱን አዩ፤ ዞሩ፤ እንደገና አዩ።

«ፌስታሌስ?»

«የምን ፌስታል?» አለ የጀሪካኑ ባለቤት ጉተማ፣ የባጃጅ ሾፌር ነው።

«ጠጠር ከትቼ ያስቀመጥኳት! ከአማረች ዘንቢል ኋላ ነበርኩ።»

«ኦቦ ጀቤሳ፣ ፌስታልም ወረፋ ይይዛል? ነፋስ ወስዷት እስካሁን ሞጆ ገብታለች። እዚያ ሄደው ይሰለፉ!»

ሰዉ ሣቀ። የዘንቢሉ ባለቤት እትዬ አማረች ግን አልሣቁም። «አላየሁም እንጂ ባየሁ እመሰክርልዎ ነበር» አሉ። ዘይቱ ከሰልፉ ጅራት እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወደ ጅራቱ መራመድ ጀመሩ።

ሰንበታን ፌስታሏን ሲያነሣ ያየው ሰው አልነበረም። ንጹሕ ፎቶው በእጁ ነው፤ ቢሄድ የሚጠራውም የለም። ያቺ የተለመደች ነገር ጉሮሮው ላይ መጥታ ተቀረቀረች። ዋጣት።

«እኔ ነኝ ያነሣኋት!»

ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ። ሁሉም ዞሩ።

«ቆሻሻ መስላኝ ነው» አለ።

«ሰማችሁ?» አለ ጉተማ። «ኦቦ ጀቤሳን ቆሻሻ አላቸው!»

«ሳላነሣት በፊት ያነሣሁት ፎቶ ግን አለኝ» አለና ሰንበታ መጀመሪያ ያነሣውን ከፍቶ ካሜራውን ዘረጋ። «ይኸው፤ ከዘንቢሉ ኋላ፣ ካንተ ጀሪካን ፊት።»

ሰልፉ ፈርሶ በካሜራው ዙሪያ ተጠቀጠቀ። ኦቦ ጀቤሳ ዓይናቸውን አጥብበው ተጠጉ። «ኤዬ! እኔው ነኝ!» አሉ። «ከዘራም ሳልይዝ ቆሜያለሁ!»

«እስቲ የኔን» አሉ እትዬ አማረች። ዘንቢላቸውን ትክ ብለው አዩት። «በሠርጌ ቀን ፎቶ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት። ዛሬ ገና አማረብኝ።»

ጉተማም አየ፤ ከጀሪካኑ ጎን ቆሞ ራሱን አከከና ለሽማግሌው መንገድ ለቀቀ። «ይግቡ፣ አባቴ። የተነሣ ሰው አይካድም።»

ሰንበታ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ፌስታሏን አወጣ። ጠጠሯ አሁንም ውስጧ ነበረች። አቧራዋን ጠርጎ በቦታዋ ሲያስቀምጣት ነፋሱ ገባባትና ሆዷን ነፍታ ቀጥ አለች። ያኔ ገባው። ንጹሕ ያለው ፎቶ ጥርሱ የወለቀ አፍ ነበር። የመጀመሪያውም ቢሆን በጥድፊያ የተነሣ ነው። እንደገና መነሣት አለበት፤ አሁኑኑ።

«ሁላችሁም ውጡ!» አለ።

«ምን?»

«ባለሱቁ ገና ሚዛኑን እያወጣ ነው። ዕቃችሁን ሳትነኩ ወደ ዛፉ! ቶሎ!»

«ከመቼ ወዲህ ነው ፎቶ አንሺ ሰውን ውጣ የሚለው?» አለ ጉተማ እያፈገፈገ።

«ጥላህ ገብቷል፣ ጉተማ! ጥላህንም ይዘህ ሂድ!»

ሰዉ በሣቅ እየተንከተከተ ታዘዘ። ሰንበታ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ፌስታሏ እስክትነፋ ጠበቀና የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ መስታወቱ ላይ ወጣ። «ሙሽራ የለ፣ ተመራቂ የለ!» አለች ሶፊ እጇን አጣምራ። እስከ ረፋዱ የቆመ አልነበረም። ሰንበታ ግን ወንበር ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ላይ ሥጋት አልታየበትም።

መጀመሪያ እትዬ አማረች ጎረቤታቸውን አስከትለው መጡ። ቀጥሎ ኦቦ ጀቤሳ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከምራታቸው ጋር ደረሱና በከዘራቸው ጫፍ ራሳቸውን አሳዩ። ሰው ሲቆም ያየ ሰው ይቆማል። ከአዳሚ ቱሉ የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ሳይቀር አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ «ይኼ የኛ ሰፈር ወረፋ ነው። ያቺ ድስት የሚስቴ ናት» ብሎ ሙጭጭ አለ። ሶፊ ልታስረዳው ሞክራ ተወችው፤ ቆይታም እሷው ለመጪው ሁሉ «ፌስታሏ ኦቦ ጀቤሳ ናቸው» እያለች ማስተዋወቅ ጀመረች።

ማታ ሲዘጉ ጋሽ ልዑልሰገድ እርጥብ ጨርቅ ይዘው ወጡ። መስታወቱ በጣት አሻራ ተዥጎርጉሯል፤ ከሁሉም ይልቅ በፌስታሏ በኩል። ጨርቁን ዘረጉ፤ አሰቡና ሳይጠርጉ አጠፉት።

«ነገ ሠርግ አለብን» አሉ ጀርባቸውን አዙረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ በሩ እየገቡ። «የካሜራውን ባትሪ ሳትሞላ እንዳታድር።»

«ሞልቼዋለሁ» አለ ሰንበታ። «ደግሞም ጋሼ፣ ቀና ይበሉ፤ በሩ ዝቅ ያለ አይደለም።»